ጠቅ ይልና ዝም

«ዓመሉን ልንገርህ» አለች አሰገደች፣
ትከሻውን መታ አርጋ ወደ መስኮት ሄደች፤
«ጠቅ ይልና ዝም ነው። ሌላ ክፋት የለው።»

ሽምብጥ ነው ቤቷ፣ ሐይቁ ጓሮ በሯ፣
ደንገል ሊበቅል ነው ከወጥ ቤት አጥሯ።
ክብ ትከሻ ፍሪጅ፣ የድሮ ጥርስ ቀለም፣
ግንባሩ ላይ ፊደል፣ ከሰፈር ያነበበው የለም።
ባሏ ከሩሲያዊ፣ ከፖሊ መምህር፣
ሰውዬው ሻንጣ ሲያስር ገዛው፣ በስድስት መቶ ብር።

በሩን ስከፍተው ብርድ አልጠበቅሁም፣
ያየሁትንም ግን ከቶ አላሰብሁም፤
የግብር ደረሰኝ የዓመት በዓመቱ፣
የልጆቿ ካርድ ከነውጤቱ፣
በእንቁላል ጎድጓዳው አዝራር በየዓይነቱ፣
በረዶ ቤቱ ውስጥ የይዞታ ካርታው፣
የባሏ መነጽር ከነስንጥቃቱ።

«አይጥ አያልፈው፣ ምስጥ አይበላው፣
ሃያ ዓመት ሞቶም ሥራ ያልፈታው።»

«ታዲያ አሁን ለምን?» አልኳት።
«ቆሮሶው እስከ ቀትር አይቆይ፣ የሚሸጠው በረዶ ከዓሣው በለጠ።
የእህቴ ልጅ አስማረ መረብ ገዝቷል፣ በብድር።
ዕዳ እንደሁ አይቀዘቅዝ።»

ወረቀቱን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረጋን፣
ጀርባውን ወደ ብርሃን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርን።
ከሽቦው መሐል የእንሽላሊት ቆዳ፣ ደረቅ፣ ሙሉ።
ሶኬቱን ሰካሁ። እም... ጠቅ። ዝም።
ደግሜ ሰካሁ። እም... ጠቅ። ዝም።
እንደዚያ ሰው ነው፣ ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ፣
ጉሮሮው ላይ እንደሚቀር፣ ከምላሱ ጫፍ ጠፍቶ።

ጥቅሉ አልተቃጠለም፤ ሦስቱም እግር ይናገራል።
ቴርሞስታቱ ደህና፤ ሳዞረው ይቆርጣል፣ ይቀጥላል።
ጋዙን ጠርጥሬ ሳሙና ቀባሁ በየብየዳው፣
አንዲት አረፋ አልተነፈሰች፤ እንደ በየደው ነው የበየደው።
የበሩ ጎማ ግን ደርቋል። አሥር ብር ከመሐሉ አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩ፤
ሳይዝ ሳያንገራግር ወጣ።
«እሱስ ለጋስ ነው» ሳቀች፣ «ከባሌ እጅ ብር እንዲህ አይወጣም ነበር።»

ጥፋቱ ሪሌዋ ናት፤ ኮምፕረሰሩ ጎን የተለጠፈች፣
የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ አንድ ጥርሷ ጠቁሮ የቀለጠች።
ሥራዋ እንደዚያ ሰው ነው፣ ታንኳ ከዳር ገፍቶ፣
ውኃው ሲቀበለው እጁን እንደሚያነሣ ትቶ።
ይቺ መግፋቱን ረስታለች።

ቅዳሜ ገበያ፣ ከቁራሌው ክምር፣ ከአንድ የሞተ ፍሪጅ ጎን
ምትኳን ነቀልኩ። እግሯ አልገጠመም፤ በመዳብ ሽቦ አስረዘምኩት።
ለበሩ ጎማ የብስክሌት ከመነዳሪ ቀደድኩ፤
በዚህ ከተማ ብስክሌት የማይጠግነው ምን አለ?

ሰካሁ።
እም... እምም... እምምም...
ቁም ሣጥኑ ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።
አሰገደች አልጋው ላይ፣ ወረቀቷ መሐል ተቀመጠች።
«እንዲህ ነበር» አለች። ምኑ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ።
ምን ይደረግ፣ ሳቅን። ዓባይ ከደጃችን ወጥቶ፣
ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን አዙሮ፣ ለስንቱ አብርቶ፣
ይሄዳል፣ የተነሣበትን ሰፈር በኩራዝ ትቶ።

ሂሳቤን ግማሹን በብር፣ ግማሹን በሁለት ቆሮሶ ሰጠችኝ፤
«ዛሬውኑ ብላቸው፣ አያድሩም።»
ከበር ስወጣ አልጋዋን አየች፤
«እነዚህንስ እንግዲህ የት ላሳድራቸው?»
ሪሌ እንጂ ሣጥን አልጠግንም። ዝም አልኩ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ስልኬ ጠራ። የእሷ ቁጥር ነው።
«አቤት» አልኩ። መልስ የለም።
ስልኩን ከጀርባው አስጠግታዋለች፦
እምምምም...
ከመሐሉ የእሷ ትንፋሽ፣ ከሩቅ የሐይቁ እንቁራሪት።
እኔም አልተናገርኩም፣ እሷም።
ጠቅ አለ። ዝም።

ካርዷ አልቆ ነው።