የቀለበቱ ስፋት

ሳስካቱን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ውጭ ሠላሳ አምስት ከዜሮ በታች፣
ወንዙ ድምፁን ውጦ ከበረዶ ሥር ተኝቷል።
እዚህ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው ሆድ ውስጥ፣ ሠላሳ አምስት ከዜሮ በላይ፣
በየሳህኑ የማይታይ ሕዝብ ነቅቷል።

የሳህኑን ምግብ «አጋር» ይሉታል፤
የማን አጋር እንደሆነ ሌሊቱ ይለያል።

ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ ክብ ወረቀቶች፣
እያንዳንዳቸው በአንድ መድኃኒት የተነከሩ፣
ትናንት በመቆንጠጫ አኖርኳቸው።
መድኃኒቱ ካሸነፈ ዙሪያው ይጠራል፤
ማንም ያልበቀለበት ቀለበት ይሠራል።
እኔም በማስመሪያ ስፋቱን እለካለሁ፤
እንጀራዬ ይህ ነው፣ ባዶ ቦታ ለክቼ እበላለሁ።

ዶሪን ኮዋልቹክ ጡረታ ስትወጣ ደብተሯን ትታልኛለች፤
ለዚሁ ጀርም፣ ለዚሁ መድኃኒት፣ በእርሳስ ስትጽፍ ኖራለች።
«ሃያ ስምንት ሚሊሜትር» ይላል የፊተኛው ገጽ፤
ከዚያ ሃያ አራት፤
ከዚያ፣ እርሳሷም ሲደክም፣ አሥራ ዘጠኝ።
በኅዳጉ ላይ «ማስመሪያው ይሆን?» ብላለች።
ቀጥሎ በእኔ እጅ፣ አሥራ ሦስት።

የዛሬው ደም የኦርቪል ዳይክ ነው፣ የሮስተርን ስንዴ አራሽ።
ለጉንፋኑ ወስዷል፣ ለጥርሱ ወስዷል፤
ሲሻለው ትቶታል፣ የተረፈውን ለጥጃው አቅምሷል።
ሳህኑን ወደ መብራቱ አነሳሁ፤
ከዳር እስከ ዳር ዳመና።
ለካሁ። ስድስት።
ስድስት የወረቀቱ የራሱ ወርድ ነው፤
ቀለበት የለም ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ እምቢ ያለ ይወደሳል፣
እምቢኝ ባይ ይፎከርለታል፤
እዚህ፣ በስድስት ሚሊሜትር ፊት፣
ፉከራው አፌ ላይ ቀረ።

ደወልኩ። ዝርዝሩን አነበብኩ፦ አይሠራም፣ አይሠራም፣ አይሠራም፤
አንዱ ብቻ፣ ኩላሊት የሚጎዳው፣ ምናልባት።
ነርሷ ሬይሊን ቆይታ መልሳ ደወለች፤
ትኩሳት እንቅልፍ የነሳው ሽማግሌ ሲነገረው ሳቀ አለች።
«እንደ ዱር አጃው ነዋ! በየዓመቱ እንረጨው ነበር፤
የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ዘር ሆነ።
ማሳው ያስተማረኝን ለገላዬ ረሳሁት።»

ቤቴ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ አራት እንክብል አለ፤
በጥቅምት ተሽሎኝ የተውኩት፣
ለክፉ ቀን ብዬ ያኖርኩት፤
ለካ ክፉ ቀንን ነው የቀለብኩት።

ሊነጋ ሲል የዶሪንን እርሳስ ቀረጽኩ፤
ከአሥራ ሦስት በታች «ስድስት» ጻፍኩ፤
ከጎኑም፦ «ማስመሪያው አይደለም።»