ባሌ ይጠጣል አልኩ

መጀመሪያ የሄድኩት ቃሊቲ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የቆርቆሮ አዳራሽ፤ አሥራ ሁለት ወንድ፤ እኔ ስገባ
ወሬው ቀጥ አለ።
አንዱ ከወንበሩ ተነሣና በአክብሮት
"ባለቤትሽ የትኛው ነው?" አለ።

"አልመጣም" አልኩት። አፌ ነው ያለው።
"ይጠጣል?"
"ይጠጣል።"
"ስንት ዓመቱ?"
"ኧረ እኔ አልቆጠርኩም።"
አሥራ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ነው።
ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤
መቁጠር ሥራዬ ነው።

ሽብሩ፣ ምስኪኑ፣ የጠላ ሽታ የሚያስነጥሰው፣
በሠርጋችን ዕለት፣ ለወጉ፣ ከንፈሩን ብቻ ያስነካው፣
በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሰካራም ሆኖ ዋለ።
"ቻዪው" አሉኝ አንድ ሽማግሌ፤ "ትዳር ለቻለ ነው።"
ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሃይላንድ፣ እንደ ውኃ ጠርቶ፣
ምክሩን ሁሉ ሰማ፣ ጉልበቴ ላይ ተኝቶ።
ታክሲ ሳልይዝ አለቀ።

ሁለተኛው ገላን ነው። ፎቅ ላይ። ከሥሩ ግሮሰሪ።
ደረጃውን ስጀምር ድራፍቱ ሸተተኝ፤
አምስተኛው ላይ ስደርስ እግሬ ወደ ታች መለሰኝ።
ከላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤
ሰዎች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ፣
ከታች እኔ፣ ጥግ ይዤ፣
የእነሱን ኮቴ በብርጭቆ እያጀብኩ።

ሦስተኛው ለቡ። ቪላ። ጫማ ያስወልቃሉ።
ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ወረቀት ዘረጋችልኝ፤
ምዝገባው ይህን ያህል፣ የወሩ ይህን ያህል።
ደመወዜን በሆዴ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤
ለመተው የሚከፈለው ለመጠጣት ካወጣሁት በለጠና
ሳቄ መጣ።
ሳቄ እንዳይሸት አፌን በነጠላ ያዝኩ።

እኅቴ "ጠበል" አለችኝ። ሄድኩ።
አልዋሽም፤ ሰባቱንም ቀን ደህና ነበርኩ፤
እንቅልፍ እንኳ ወሰደኝ።
ስምንተኛው ቀን ሰኞ ሆነ። ሥራ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አያንቱ፣
ከብሎካችን ሥር ቲማቲም የምትሸጠው፣
ሚዛኑን እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል፣
"ውኃሽ ይሸታል" ያለችኝ።
ዘንቢሌን ጥዬ ልሮጥ ነበር።
"ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ከሩብ፤ ብሎክ ሰማንያ ሰባት፣
ከኮሚናሉ። እኔም አለሁበት።"
ሁለት ቃሪያ መረቀችልኝ።

ቱሉ ዲምቱ ነፋሱ ከሜዳው ተነሥቶ
በየፎቁ መካከል ያፏጫል።
ኮሚናሉ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዡ ልቅሶ ሄዷል፤
በሩ ላይ ቆዳ ተሰጥቷል፤ የጠዋቱ በግ ደም
በሲሚንቶው ቦይ ገና አልታጠበም።
ደረጃው ላይ ስድስት ሴቶች፤
አንዷ ልጅ ታጠባለች፤
አንዷ እጇ ላይ የልስን አሸዋ ደርቋል፤
እታፈራሁ የሚሏት ዕድሜ ጠገብ፣
ደብተር የላት፣ ደወል የላት፣
ጃኬቷን አጥፋ ተቀምጣበታለች።

መብራት ጠፋ።
"ይሻላል" አለች አንዷ፤ ሳቁ።
ተራው እየዞረ መጣ፤
አንዲቷ ስለ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ አወራች፤
አንዲቷ ዛሬ ጠዋት እንደ ጠጣች ተናገረች፤
ማንም ምክር አልሰጣትም።
እኔ ዘንድ ደረሰ።
ጨለማው ውስጥ ሆኜ ብዙ ቆየሁ።
"ባሌ" አልኩ፣
"ባሌ አይጠጣም።"

ደረጃው ጠባብ ነው።
ጠጋ አሉልኝ።

ቤት ስገባ ሽብሩ በሻማ ሽሮ ያሞቃል።
ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤
ቃሊቲ ላይ ስሙን ያነሣሁበትን፣
ያ ሁሉ ወንድ ያዘነለትን።
ቀመስኩና "ጨው አንሶታል" ብቻ አልኩት።
ጨመረበት።

ሃይላንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ግማሽ።
እስከሚቀጥለው ሐሙስ ሰባት ቀን ነው።
ሰባት ቀን
ችዬ አውቃለሁ።