ደጅ ጥናት

ከማዶ፣ ከጎርጎራ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲመታ፣
ባንቺወሰን ትደውላለች፣ የጣናን ቁመት ለክታ።
ሰው አይደለም የሚያነሣው፤ እዚህ ባሕር ዳር፣ ከኛ ቢሮ፣
ከጠረጴዛ ሥር ያለ ማሽን ነው፣ ጆሮው ከስልክ ታስሮ።
ሞደሙ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ጠጠር እንዳላመጠ፤
ከዚያ ዝም። ከዚያ ማሽኑ፣ ከበር ኋላ እንደተቀመጠ፣
«ማነህ?» ይላል።
ሴትም ብትሆን «ማነህ» ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ ቃሏን፣
በላቲን ፊደል፣ ባንድ ሌሊት፣ ሳላስብ ሴት መደወሏን።
ስሟን ትሰጣለች፣ የይለፍ ቃሏን፣ የለቱን ቁጥሯን፤
ባንድ ደቂቃ ትዘጋለች፤ ቴሌ ይቆጥራል ብሯን።

ሦስት ማታ አልገባችም።
ረቡዕ በተራው ስልክ ደወለች፣ ድምጿ ሻክሮ፦
«ቤቶች! እላለሁ፣ ቤቶች! ሰው የለም እንዴ እዛ ቢሮ?
ሦስት ማታ ደጅ ጠናሁ፤ የንጉሥ ነው እንዴ የናንተ በር?
ልለምን አልመጣሁ፤ የውኃ ልክ ነው ያመጣሁት ነገር።»

ገመዱን ነቀልሁ፣ ሰካሁ። እጀታውን ከጆሮዬ ለጠፍሁ፤
ድምፅ አለው። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ ሞከርሁ።
ዝናቡ ይሆን ብዬ ወጣሁ፤ ከዋርካው ሥር ሳጥኑን ከፈትሁ፤
ጉንዳን ሰፍሮበት አገኘሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ አራገፍሁ።
አለቃዬ እንየው፣ ስሙ ነው እንጂ፣ አያይም፤
«አጥፍተህ አብራው» ከማለት አያልፍም።
አጠፋሁ። አበራሁ። ከመስኮቱ ማዶ ሻላዎች
ዓሣ ከሚበልቱት ፊት ተሰልፈዋል፣ እንደ ጡረተኞች።

ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ መዝገቡን ገለጥሁ።
ማሽን አይደብቅም፤ ያየውን ሁሉ ይጽፋል፤
ማን አንኳኳ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብሎ ስሙን ይጠራል።
ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሣ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ፦

«ስም፦ ማነህ። አይታወቅም።»
«ስም፦ ማነህ። አይታወቅም።»
«ስም፦ ማነህ።

አራት ሺህ ጊዜ፣ አምስት ሺህ፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ማታ፣
ማነህ የሚባል እንግዳ ያንኳኳል፣ ሳይወስድ ፋታ።

ብቻዬን ሳቅሁ።
ለካስ ሞደሙ ገደል ማሚቶ ሆኖ ኖሯል፤
ማሽኑ «ማነህ?» ሲል፣ «ማነህ?» ብሎ ይመልሳል፤
ማሽኑ፣ የዋህ፣ ስም መስሎት ከመዝገብ ይፈልጋል፤
«አላውቅህም» ይለዋል፤ «አላውቅህም» ይባላል።
አንድ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ በማይሞላ ገመድ፣ ሁለት ዕቃ
እየተጠያየቁ ያድራሉ፤ የማዶዋ ልጅ ደጅ ደርቃ።

ነገሩ የእሑድ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የመከርሁት ሁሉ ጠፍቶት፣ የፋብሪካ አመሉ ወጣ።
አንድ ፊደል፣ አንድ ዜሮ፦ «የሰማኸውን አታስተጋባ»፤
ሌላ ፊደል ጨመርሁለት፦ «መብራት ቢሄድም፣ ይህ ከልብህ ይግባ።»

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጠጠሩን አላመጠ። ዝም አለ።
«ማነህ?»
እኔ ነበርሁ የምፈራው፤ ማሽኑማ ምን ተዳው።
ስሟ መጣ፣ ፊደል በፊደል፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ እንደ ልማዳው፤
የሦስቱንም ማታ ቁጥር ባንዴ አራገፈችና ዘጋች።

ጣና አራት ሴንቲ ሜትር ሞልቶ ኖሯል፣
እኛ ማነህ ስንባባል።

ያን ማታ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ከበሩ ተመለስሁ፤
«ማነህ»ን አጠፋሁና፣ «ማን ልበል?» ብዬ ጻፍሁ።