ቁጥር ዐርባ አንድ

ሮላ ሰፈር፣ ሻርጃ፣ ከልብስ ሰፊዎች መደዳ፣
የሞይዱ ሱቅ አለች፣ የደብተር ጓዳ።
«ቁጥር ዐርባ አንድ» ስለው ራሱን ወዘወዘ፣
ጣቱ መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ ያዘ።
«ኻላስ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ፋብሪካው ተወው፣
ካሁን ወዲያ የለም፤ ሌላውን ሞክረው።»

ሌላውን!
ዐሥራ ዘጠኝ ብልቃጥ አልጋዬ ሥር አለ፣
በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ።
ሐምራዊ አለኝ፤ ዝገት የመሰለ ቀይ፤
ሲጻፍ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ የሌሊት ሰማይ፤
አንዱ ኮምጣጤ ይሸታል፣ አንዱ አልከፈት ብሎኛል፣
አንዱን ለስሙ ገዛሁት፤ መጻፉንስ ማን ያውቃል።

ዐርባ አንድ ግን...
ዳለቻ ነው እንዳልል ውስጡ ውሃ አለው፣
ሰማያዊ እንዳልል አቧራ ነክቶታል።
ወደቡ፣ ነፋስ ሊነሣ ሲል፣ እንዲህ ይሆናል፤
ጀልባዎቹ ታስረው፣ ባሕሩ ገና ሳይቆርጥ።

አብሮኝ የሚኖረው ሐይረዲን፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር፣
ካርቶኑን ባየ ቁጥር አይችልም ዝም ማለት፦
«ሰው ቀለም ይቆጥራል፣ ዐዋቂ ሊባል፤
አንተ ብልቃጥ ቆጥረህ ምን ልትባል?»

ልሠራው ሞከርኩ። ሰማያዊ ሰባት ጠብታ፣
ጥቁር አንድ፣ ከሻዬም ጥቂት፣ በስሪንጋ፣ በማታ።
ወረቀቱ ጠጣው። ሲነጋ አየሁት፤
ዘመዱን አገኘሁ፣ እሱን ግን አጣሁት።

የተረፈችኝን ሩብ ላቆያት ብዬ፣
ሻንጣ ውስጥ ከተትኳት በካልሲ ጠቅልዬ።
ሐምሌ ገባ። ኤሲው ሞተ። ሦስት ሳምንት ነደድን።
ለካ ክዳኗ ተሰንጥቋል፤
ሳወጣት ከመስታወቱ ላይ ወርዷል የቀለሙ መስመር፣
አንድ ስም ሳልጽፍበት፣ አንዲት ፊደል ሳልጭር።
እኔ የሰሰትኩትን ሙቀቱ ጻፈበት፣
አየር ላይ፤ ማንም ላያነብበት።

እንግዲያው ብዬ ስቲሎዬን ሞላሁ።
ወደ ቦሳሶ የሚጫን ሽንኩርት፣ መቶ ሰማንያ ጆንያ፤
ያገለገለ ጎማ፤ የተሰበረ እንቁላል፣ ግምቱ፤
የናኾዳው ስም፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።
የጉምሩኩ ልጅ ማኅተሙን ሲመታ
ቀለሙን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።
ማለቂያው ላይ ውሃ ጨመርኩ። ማክሰኞ ዕለት ብዕሩ ደረቀ።

ዐርብ ማታ ሞይዱ ሱቁን ሲያጸዳ
አሮጌ የዱቤ ደብተር አገኘ።
«ያንተም አለ እዚህ» አለኝ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።
ገጹ ላይ፣ በእጄ፣
አዲስ የመጣውን ብልቃጥ ስንሞክር፣
የዛሬ ስድስት ዓመት «ዕዳ፦ ዘጠኝ ድርሃም» ብዬ ነበር።
ሁለታችንም ረስተነዋል።
ቀለሙ አልረሳም። ወደቡ፣ ነፋስ ሊነሣ ሲል።

ሊሰርዘው እስክሪብቶ አነሣ፤
እጁን ያዝኩት።
ሃያ ድርሃም ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።
«ሞይዱ» አልኩት፣ «ገንዘቡን ውሰድ፤
ዕዳዬን ተውልኝ።»