ያልተዘጋ ሂሳብ

መዝገቡ እጄ ገባ፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣
ሽፋኑ በሐይቁ ወበቅ አብጦ ተላቋል።
ባለ ሁለት ዓምድ ነው፣ እንደ ነጋዴ ሉክ፣
ግራው የምሕረት ነው፣ ቀኙ የኃጢአት ልክ።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፣ ፒያሳ ቢሮ አለኝ፣
የሰው ገቢና ወጪ ሳስታርቅ የሚመሽብኝ።
የቅድመ አያቴ ግን፣ የኤርጃቦ ሂሳብ፣
ጫፉ አልገኝ አለ፣
እንደ ተወሳሰበ የዓሣ አጥማጅ መረብ።

አሥራ አንድ ቤት ነበሩ፣ የወጡ ከሆሳዕና፣
«ዓለም ረክሳለች፣ እኛ እንለይ» አሉና፣
በእግርና በበቅሎ፣ ከበሮ በሌለው ምስጋና።
ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ሐዋሳ የለችም ገና፤
ደንገል ነው፣ ጉማሬ ነው፣ የወባ ትንኝ ደመና።

«ባዶ ምድር» ይላል የመጀመሪያው ገጽ፤
አምስት መስመር ወርዶ፣
«ሌሊት ሰማን» ይላል፣ «የከብት ደወል ድምፅ።»

«ረቡዕ። እባብ ገደልሁ። ከመጠን በላይ ሳቅሁ።
ሐሙስ። የበቆሎ ቡቃያውን ጉማሬ በላው። ተቆጣሁ።
ዓርብ። ሚስቴ ሎምቤ ውኃ ስትቀዳ አንጎራጎረች። ገሠጽሁ።
ቅዳሜ። መገሠጼ ደስ አሰኘኝ። ይህንንም በቀኝ ጻፍሁ።»

ለልጆቹ ስም ሲያወጣ፣ ትእዛዝ ነበር የሚያወጣ፦
ወንዱን «ጽና» አለው፣ ሴቷን «ተመለሽ»፣ ሕፃኑን «አትቆጣ»።

በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገባ በየቤቱ፤
ስድስት መቃብር ይላል፤ ሎምቤም አለች ከስድስቱ።
የዚያን ቀን ሁለቱም ዓምድ ባዶ ነው፤
ከሥር ብቻ፣ በሚንቀጠቀጥ ፊደል፦
«ውኃ ራሴ ቀዳሁ። መንገዱ ጸጥ ብሏል።»

ያኔ መጣ ሀሜሶ፣ አህያውን እየነዳ፣
ወተት በቅል፣ ቆጮ በኮባ፣
ሳይጠይቅ ውለታ፣ ሳይጽፍ ዕዳ።
ሦስት ወር አበላቸው። ግራው ዓምድ ሲነበብ
«ጌታ መና አወረደ» ይላል።
የሀሜሶን እጅ ማን ይመዝግብ?

ዓመታት ተገላበጡ፤ ተመለሽ አደገች፤
በፍቼ ጨምበላላ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጨፈረች።
ሽማግሎች ተቀመጡ፣ ከሾላው ሥር፣ በፋኖስ መብራት፤
ማንም አልጮኸ፤ በዝግታ፣ በጸሎት፣ ተፈረደባት።
የኤርጃቦ እጅ ዘገየ፤ ከሁሉም ኋላ ተነሣ፤
ይህን መዝገቡ አይልም፤
የጽና ልጅ ነገሩኝ፣ በእርጅናቸው፣ እንዳይረሳ።

መዝገቡ ላይ በስሟ ጥቁር ቀለም ፈሷል፤
ብዕሩ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኗል፤
ወደ ብርሃን ባነሣው፣
በቀዳዳው በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል።

እኔ ከዚያ ጥቁር መስመር ሥር ነኝ የበቀልኩት።
ሴት አያቴ ተመለሽ አልተመለሰችም፤
የሀሜሶን ታናሽ ልጅ አገባች፤
ስሟን ግን አልቀየረችም።

ዛሬ መንደሩ የለም፤ ሾላው ብቻ ቀርቷል፤
ከሥሩ ባጃጅ ይቆማል፣ ከላዩ አባ ኮዳ ሰፍሯል።
ትናንት እዚያ ተቀምጬ ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ፣
«ለሀሜሶ፣ የሦስት ወር ቀለብ» ብዬ በዕዳ ልጽፍ አሰብሁ።
ገጹን ሳቃና አየሁት፤
በሁለቱ ዓምድ መካከል፣ ስፌቱ ውስጥ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«በቆሎ። አንድ ጆንያ። ሀሜሶ በር። በሌሊት።»
ቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ። ቀጣዩም። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ፣
ሁሉም በፍቼ ዋዜማ።
ምሕረት ነው አላለውም፤ ኃጢአትም አላለውማ!

ልጅ ሆነን፣ አያቴ በየፍቼው የምታወራው ነበራት፦
«በራችን ላይ ጆንያ እናገኝ ነበር፤
ጅብ ነው የሚያመጣልን» ትልና
ትስቃለች፣ ከመጠን በላይ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣
ትን እስኪላት።

እስክሪብቶውን ከደንኩ። ባለ ባጃጁ «ይግቡ፣ አንድ ሰው ቀረ» አለኝ።
ገባሁ። መዝገቡን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ፣
ድምሩ ባዶ እንደሆነ፣
ወደ ቤቴ ወሰደኝ።