የአንሶላው ጥግ

ሆቴሉ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው አሉኝ፣
ክራባት ያሰሩ ሁለት ልጆች መጥተው ከበሬ ላይ ጠሩኝ።
«እማማ ሎሚ፣ ከድሮው ዕቃ ምናልባት የቀረ፣
ለመስታወቱ ሣጥን የሚሆን፣ ታሪክ የቋጠረ…»

እኔ ምን አለኝ? እጄ ነው ያለኝ፣
ሶዳና በረኪና የላጠው፣ ጣቱ የማይታጠፍልኝ።
ታሪክ ከሆነ የፈለጋችሁት ከአንሶላው ጥግ ነበር፤
የሆቴል ነገር በሎቢው አይደለም፣ በእጥበት ቤት ነው የሚነገር።

መጀመሪያ ሙሴ ስታማቲ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ
ባለ ሁለት ፎቁን ያቆመው፣ ድንጋዩን ከጋራው አስወርዶ።
ሚስቱ ማዳም ካሊዮፒ፣ በየጥጉ፣ በሰማያዊ ክር
አንዲት ፊደል ትጠልፍ ነበር፤ የባዕድ ፊደል፣ እንደ ጥንዚዛ እግር።
አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ያቺን ፊደል ሳላነባት አጥቤያታለሁ፣
የጅቡቲ ነጋዴ ላብ፣ የሙሽራ እንሶስላ፣ የዳኛ ወይን ጠጅ አስለቅቄላታለሁ።

ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ፣
(ያን ጊዜ ከተማዋ ናዝሬት ነበረች) ሰባ አንሶላ በገመድ ላይ ሲያገሣ፣
አቧራው መጥቶ ይለጠፋል፤ እኔም እንደገና ወደ ገንዳ።
አቧራ ደንበኛ ነው እዚህ፣ ሂሳብ የማይከፍል እንግዳ።

ከዚያ በስድሳ ሰባት ካኪ ለብሶ አንድ ሰው መጣ፣
ሙሴ ስታማቲ በዚያው ሳምንት በአንዲት ሻንጣ ወጣ።
ሰውየው አንሶላ ቆጠረ፣ ሁለት መቶ አሥር፤
በሐምራዊ ቀለም «የሕዝብ ንብረት» ብሎ መታ፣ ከፊደሏ ሥር።
«ሕዝብ ማን ነው?» አልኩት። «አንቺ ነሽ» አለኝ፣ ቀና ብሎ።
ሕዝቡ ያን ማታ በቁርበቱ ተኛ፣ ከከሰል ጓዳ ተጠቅልሎ።

በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት፣ ጠመንጃ የጣለ ወታደር ከሎቢው ምንጣፍ ላይ ተኛ፤
ለቁስል አሥር አንሶላ ቀደድኩ፤ አላየኝም ዘበኛ።

ቀጥሎ ጨረታ ወጣ። የገዛው ሰው ደግ ነበር፣ አቶ ገመዳ፤
ቀይ ቁጥር ጨመረበት። አዳማም የጥንት ስሟን አስመለሰች፣ ተጻፈ በሰሌዳ።

አሁን አሥራ አንድ ፎቅ ነው፣ መስታወት፣ ሊፍቱ የሚናገር፤
አንሶላው ከውጭ ይመጣል፣ ጥጉ ባዶ፣ የማያስቸግር።
የድሮዎቹ መወልወያ ሆኑ፤ ለእኔም ተሰጠኝ ጡረታ፣
የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ጭብጨባ ለጥቂት አፍታ።

እና አንዷን ሰረቅኩ።

አዎ፣ ጻፉት፦ ሎሚ ዋቅጅራ አንድ አንሶላ ሰረቀች፤
አርባ ዓመት አጥባ አንድ ሌሊት ያልተኛችበትን ከቅርጫት መዘዘች።
ብዙ ተኛሁባት። መሃሏ ሳስቶ ጨረቃ ሲያሳይ
ለሁለት ቀድጄ፣ ዳሯን ወደ መሃል ገጥሜ ሰፋኋት፣ ጉልበቴ ላይ።
እንዲህ ሲሆን ጥጉ መሃል ይገባል፤ ሰማያዊ ፊደሏ፣ ሐምራዊ ማኅተሙ፣
ቀይ ቁጥሩ። ከማጅራቴ ሥር ሦስቱም ተስማሙ።

ልጆቹ ተያዩ። «እንገዛታለን እማማ፤ በመስታወት ትሰቀላለች፣
ስምዎም ከሥሯ ይጻፋል።»
ሐሳቡ ደግ ነው አልኩ፤ ግን ዛሬ ታጥባ ተሰጥታለች።
ሂዱ በሉ፣ አቧራው ሳይነሣ ላስገባት፤
ዛሬ ማታ ሕዝቡ ይተኛባት።