ዘርጋው

«ስምህ ማነው?» አልኩት፤ «ዘርጋው» አለኝ፣ ቀኙን በግራው አቅፎ።
«በል እንግዲህ ዘርጋው፣ ዘርጋው» (ክንዱን ማለቴ ነበር) ሳቀ፤
ሳቁ መሐል ላይ ተበጠሰ፣ በክርኑ ሕመም ተጠልፎ።

ፒያሳ ነው፣ ከዶሮ ማነቂያ በላይ፣
ሊፈርስ ሦስት ቀን በቀረው ፎቅ፣ የእንጨት ደረጃ ላይ፤
ፍሪጅ ያወርዳሉ፤ ሙሰማ ከታች፣ እሱ ከላይ።
ሙሰማን እግሩ ከዳው። ፍሪጁ ሄደ።
«እኔ አልለቀቅኩም» አለኝ፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው።
«ድምፅ ሰምተሃል?»
«ጧ! ሲል ቀበቶዬ መሰለኝ፤
የደነገጥኩት ለሱሪዬ ነው።»

ስምንት ቀን ወጌሻ አሸው።
በዘጠነኛው ቸርችልን ቁልቁል ወርዶ ጥቁር አንበሳ ደረሰ።
ጡንቻው ወደ ትከሻው ሸሽቶ ተኮማትሯል፣
ዝናብ የመታው ድመት ይመስል።
ጣቴን እንደ መንጠቆ አጥፌ ከክርኑ ጎን ሰደድኩ፤
ጤነኛ ክንድ ቢሆን፣ ካፖርት በምስማር እንደሚሰቀል
ጣቴ ይሰቀል ነበር።
ምንም። የልብስ ማስጫ ገመዱ የተወሰደበት ግቢ።

ተማሪዬ ቢፍቱ ግን «አለ እኮ!» አለች።
የነካችው ጅማቱን አይደለም፤
ከጎኑ ወደ ውስጥ የተዘረጋውን ስስ ሸማ ነው፤
ሲወጠር ገመድ ነኝ ይላል፤
ስንቱን ሐኪም አሞኝቶ
ስንቱን በሽተኛ ወደ ቤቱ ሸኝቷል።

ሰው ባይሴፕስ ለማንሣት የተፈጠረ ይመስለዋል።
ማንሣቱንስ ከሥሩ የተኛው፣ ፎቶ የማይነሣው ጡንቻ ይችለዋል።
የዚህ ጅማት ሙያ ማዞር ነው፤
ቁልፍ ማዞር፣ ብሎን ማጥበቅ፣
መዳፍን ከምድር ወደ ሰማይ መገልበጥ።
ከታክሲ ረዳት መልስ የምትቀበልበት፣
አሜን የምትልበት፣
«እንግዲህ ምን ላድርግ?» የምትልበት እጅ
በዚህች በእርሳስ ውፍረት ገመድ ያድራል።

እሷም ቀጥ ብላ አትወርድም፤
ከሁለት ራስ የተነሣ ሁለት ፈትል
ክርን ጋ ሲደርስ ሩብ ዙር ይጠመዘዛል፤
በአውራ ጣት በኩል ያለውን አጥንት
ከጓሮው ዞሮ ጉብታው ላይ ይጨብጣል፣
ረጅሙ ከላይ፣ አጭሩ ከታች።
ጉብታውን ስተህ ፊት ለፊት ብትሰፋው፣ ያነሣል፤
ቁልፉ ግን እጁ ውስጥ ይሰንፋል።

ማክሰኞ ገባን። መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ አቃስቶ ተቀበለ።
ከቆዳው ሥር የክንዱን ዳር የሚያዳምጥ ነርቭ አለ፤
ብትጎትተው ያኮርፋል፣ ወራት ይደነዝዛል።
ከጥልቁ ደግሞ ያ የምፈራው፦
ጣት የሚያቃናው፣ አጥንቱን ታክኮ የሚዞረው።
እሱ እንዲርቅልን መዳፉን ወደ ላይ አዞርነው፤
ዘርጋው ተኝቶ፣ ሳያውቀው፣ እጁን ዘርግቶ ለመነ፤
መሰርሰሪያውም በዚያ ልመና ውስጥ መንገድ አገኘ።

አራት ወር። ፎቁ የለም።
«ፍሪጁስ?»
«እሱማ ይሠራል አሉ» አለ፣ ቂም በሌለው ቅናት።
«ዘርጋው» አልኩት። ዘረጋ፤ የአንድ ጣት ያህል ጎደለው።
«ገልብጠው።» ገለበጠ፤
መዳፉ ባዶ፣ ጠባሳው ወደ እኔ።

አመስግኖ ተነሣ። ካርዱ ላይ እየጻፍኩ ነበር፣
ሲወጣ አላየሁትም።
የበሩን እጀታ ግን ሰማሁት፤
ሩብ ዙር።